ከእጅ ወደ ደም

ጥቅምት 9 ቀን

ለእታለም፣

ከሁሉ በፊት ይቅርታ። ሁለት ጊዜ ጽፈሽልኝ ዝም ያልኩሽ ታምሜ አይደለም፤ ጤናዬ እንደ ብረት ነው። የምጽፈው ነገር በዝቶብኝ ነው። ለባልሽ ሰላም በይልኝ፤ ጉልበቱ ተሻለው?

ወደ ጥያቄሽ ልግባ። አዎ፣ እውነት ነው፤ ላገባ ነው። ሰውየውም እንደኔው መስማት የተሳነው ነው። አባባ የጻፉልሽ ይኼ ድረስ ልክ ነው። «ሥራ የሌለው» የሚል ካለበት ግን እሱን ሰርዢው። አናጢ ነው፤ የሰፈራችንን ግማሽ በር የገጠመው እሱ ነው ብል ብዙም አላጋነንኩም።

ስሙን ጠይቀሽኛል። እኛ የምንጠራበት ስሙ በፊደል አይጻፍም፤ ጠቋሚ ጣትን በቅንድብ ላይ ሳብ ማድረግ ነው። ቅንድቡ ከፊቱ ቀድሞ ነው የሚደርሰው። ስለዚህ ላንቺ «ቅንድብ» ብዬዋለሁ። የተዋወቅነው በዘጠኝ ዓመቴ፣ ትምህርት ቤታችን ምግብ አዳራሽ ውስጥ ተጣልተን ነው። ወንበሬን ወሰደብኝ፤ ስድብ አወረድኩበት፤ ሳልጨርስ ሁለት እጆቼን ይዞ አቋረጠኝ። እኛ ዘንድ የሰው እጅ መያዝ አፍ እንደ ማፈን ነው። ሁለት ዓመት ኩርፊያ ሆነ። አሁን ግን ሳላወራው ቀኑ አይመሽልኝም።

ባለፈው ሳምንት አባባ ሁለታችንንም ሐኪም ዘንድ ወሰዱን። ሐኪሙ የሚያወራው እኛን ሳይሆን አባባን እያየ ነው። ከንፈሩ ላይ «ልጆቹ» የምትለዋን ብቻ ያዝኳት። አባባ ወረቀት ስበው ጻፉልን፦ «የምትወልዷቸው ሁሉ ደንቆሮ ሊሆኑ ይችላሉ ይላል።» ቅንድብ ብዕሩን ተቀበላቸውና ከሥሩ፣ «መልካም። ጥሩ ትምህርት ቤት እናውቃለን» ብሎ ጻፈ። አባባ ጠረጴዛውን በቡጢ መቱት። ንዝረቱ በክርኔ ገባኝ።

«እህትሽ ሥራዋ የዘር ምርመራ ነው፤ እሷን ጠይቂ» ነው ያሉኝ በመጨረሻ። ይኸው እየጠየቅኩሽ ነው። የምጠይቅሽ ግን ፈቃድ አይደለም፤ እውነቱን ነው። ስትነግሪኝ አታለሳልሺው።

ሚጣ


ኅዳር 2 ቀን

ሚጣዬ፣

ደብዳቤሽን ኮቴን ሳላወልቅ ደረጃው ላይ ቁጭ ብዬ ነው ያነበብኩት። መጀመሪያ እንኳን ደስ ያለሽ ማለት ነበረብኝ፤ ይኸው አልኩ። የባሌ ጉልበት ድኗል፤ ያልዳነው ስንፍናው ነው።

አባባ ለአንቺ ምን ጻፉ ብለሽ ከደብዳቤው ጋር በላክሽው ካርድ ላይ ጠይቀሽኛል። አልደብቅሽም። «የምትሠሪበትን ነገር እያነሳሽ አስፈራሪልኝ» ነው የሚሉት። አላስፈራራሽም። የማውቀውን ግን እነግርሻለሁ።

የሰውነታችን መመሪያ በሁለት ቅጂ ነው የሚሰጠን፤ አንዱ ከእናት፣ አንዱ ከአባት። ለጆሮ ከሚያስፈልጉት መመሪያዎች በአንዱ ላይ አንዲት ፊደል የጎደለችበት ቅጂ ብዙ ሰው ውስጥ አለ። አንድ ጎዶሎና አንድ ሙሉ የያዘ ሰው ይሰማል፤ ጎዶሎውን ይዞ እንደሚዞርም አያውቅም። እማዬና አባባ እንደዚያ ናቸው። ያንቺ ግን ሁለቱም ቅጂዎች ናቸው ያቺን ፊደል ያጡት። የቅንድብም እንደዚሁ ከሆነ፣ የምትወልዷቸው ሁሉ አይሰሙም። የእሱ ምክንያት ሌላ ከሆነ ደግሞ ምናልባት ሁሉም ይሰማሉ። ሁለት ብልቃጥ ልኬያለሁ፤ ምራቅ ትፉባቸውና ክዳኑን አጥብቃችሁ መልሱልኝ።

ሌላም ነገር ልንገርሽ። መሥሪያ ቤታችን ውስጥ ምሳ ላይ የሚወደድ ወሬ አለ። ከብት ማርባት የጀመሩ ሕዝቦች፣ ትውልድ በትውልድ ላይ ሲደረብ፣ ካደጉ በኋላም ወተት የሚስማማው ሆድ ያላቸው እየበዙ ሄዱ። ኑሯቸው ደማቸውን ለወጠው ማለት ነው። እኔ ይኼ ድሮ ተጀምሮ ድሮ ያለቀ ነገር ይመስለኝ ነበር። አላለቀም። ቀድሞ መስማት የተሳነው ሰው በየመንደሩ ለብቻው ነበር፤ የሚያናግረው የለም፤ የማግባት ዕድሉም ጠባብ ነው። ከዚያ ትምህርት ቤቶች ተከፈቱ። ተሰባሰቡ፤ የእጅ ቋንቋቸው ጎለበተ፤ ሙያ ያዙ፤ እርስ በርስ ተጋቡ። ተመራማሪዎች እንዳሰሉት፣ በአንዳንድ አገር ያቺን ፊደል ከሁለት ወገን ያጡት ሰዎች በሁለት መቶ ዓመት ውስጥ እጥፍ ሳይሆኑ አልቀሩም። እጅ ላይ የተጀመረ ነገር ደም ውስጥ ገባ።

ይኼን ባነበብኩ ቁጥር አንቺን አስባለሁ። ሳልለው ባልፍ ደግሞ ይቆጨኛል፦ ትንሽ ቆዪ። ውጤቱን እንየው፤ ከዚያ በደንብ አስቢበት።

እህትሽ


ኅዳር 24 ቀን

ለእህቴ፣

ሰላምታውን ለሌላ ቀን አቆይቼዋለሁ።

ምራቁ ይኸውልሽ። ባለ ሰማያዊ ክዳኑ የእኔ ነው፤ ነጩ የቅንድብ። እየሳቀ ሲተፋ ግማሹን ጫማው ላይ አደረገው፤ አነሰ ካልሽ ጥፋቱ የእሱ ነው። የላክነው ግን ልንወስንበት አይደለም። ወስነናል። ምን እንደምናዘጋጅ ለማወቅ ነው፤ ሰው የሚመጣበትን ቀን ሲያውቅ ቤቱን እንደሚያሰናዳው።

«አስቢበት» ብለሽኛል። ምነው ያንን ቃል ባትጽፊው! ሳስብ የኖርኩ አይመስልሽም? ትምህርት ቤት ከመግባቴ በፊት የነበረውን ታስታውሻለሽ? እስከ ሰባት ዓመቴ «ነገ» የሚባል ነገር እንዳለ አላውቅም ነበር። እማዬ ሻንጣ ስታወርድ፣ መቼም ላትመለስ የምትሄድ እየመሰለኝ እግሯ ላይ እጠመጠም ነበር። ራቤን ሆዴን መትቼ አሳያለሁ፤ ፍርሃቴን በምን ላሳይ? አንቺ ብቻ ነበርሽ አልጋ ሥር ተደብቀን ምልክት የፈጠርሽልኝ። ከዚያ ትምህርት ቤት ገባሁ። በአንድ ዓመት ውስጥ ቀልድ ቻልኩ። ውሸትም ቻልኩ። ማታ የሚከፋኝ ለምን እንደሆነ መናገር ቻልኩ።

ስለዚህ «ተሰባሰቡ፣ ተጋቡ፣ በዙ» ብለሽ እንደ ጎርፍ ማስጠንቀቂያ አትጻፊልኝ። አዎ በዛን! ሰው ሲነጋገር ይዋደዳል፤ ሲዋደድ ይጋባል፤ ሲጋባ ይወልዳል። እናንተስ በምን በዛችሁ? እነዚያ ከብት አርቢዎች ወተታቸውን ሲጠጡ፣ «እስቲ ቆዩ፣ የልጅ ልጆቻችሁ ሆድ እንዳይለወጥ» ያላቸው ሰው ነበር? የእነሱ ሲሆን ታሪክ፣ የእኛ ሲሆን ችግር።

አንዲት ፊደል ጎደለች ትያለሽ ደግሞ። ማተሚያ ቤታችን ውስጥ በቀን ሦስት መቶ መጽሐፍ እጠርዛለሁ፤ እጄ የሚነካውን ሁሉ አነባለሁ። አንዲት ፊደል ብቻ የጎደለችው መጽሐፍ አንድ ቀን ቢወጣልን፣ አለቃችን ደስታውን አይችለውም።

አሁን የእኔ ጥያቄ። አንቺ ያንን ደብዳቤ ስትጽፊ ምራቄ ገና አፌ ውስጥ ነበር። «ያንቺ ሁለቱም ቅጂዎች» ብለሽ ያለ ምናልባት የጻፍሽው ከየት አውቀሽ ነው? የእኔን ፊደል መቼ አነበብሽው?

ሚጣ


ጥር 14 ቀን

ሚጣዬ፣

ሃምሳ ቀን ሙሉ ስላስጠበቅኩሽ ይቅርታ አድርጊልኝ። «ዝምታሽም መልስ ነው» የሚለው ካርድሽ ደርሶኛል። ውጤቱ ከወጣ ሦስት ሳምንት አልፎታል። የዘገየው መሣሪያው አይደለም፤ እኔ ነኝ።

ውጤቱን ላስቀድም። ሁለታችሁም ያው ፊደል ነው። ሁለቱም ቅጂ፣ በሁለታችሁም። ዘመድ ናችሁ ማለት አይደለም፤ ያቺን ፊደል ያጣ ብዙ ሰው አለ። ልጆቻችሁ ግን ሁሉም አይሰሙም። አንድም የሚሰማ አይኖርም። አታለሳልሺው ስላልሽኝ እንዲሁ ጻፍኩት።

አሁን ወደ ጥያቄሽ። ያንቺን አልነካሁም። የነካሁት የራሴን ነው። ከሰባት ዓመት በፊት፣ ባሌ «ልጅ እንውለድ» ያለኝ ሰሞን፣ ሁሉም ለምሳ ሲወጣ የራሴን ደም ቀድቼ መሣሪያው ውስጥ ከተትኩት። አንድ ሙሉ፣ አንድ ጎዶሎ ወጣ። በእኔ ካለ፣ ያንቺ ምን እንደሆነ ለማወቅ ብዙ ትምህርት አያስፈልግም።

ባሌም ይዞ እንደሆነ ማወቅ ነበረብኝ። ካልያዘ ምንም የለም። ከያዘ ከአራት ልጅ አንዱ አንቺን ይመስላል። አልጠየቅኩትም። «ሐኪም መውለድ አትችይም ብሎኛል» አልኩት። አመነኝ። አቅፎኝ አለቀሰ። ከዚያ ቀን ጀምሮ ያንን ነገር አንስቶብኝ አያውቅም።

ሰበብ አለኝ፤ ልንገርሽ ብዬ ሦስት ገጽ ጽፌ ቀደድኩት። አንቺ እናታችን እግር ላይ ስትጠመጠሚ አይቻለሁ። ያንን ደግሜ ላይ አልቻልኩም። ይኼው ነው።

እህትሽ


ጥር 30 ቀን

እታለም አላልኩሽም ዛሬ።

ውጤቱ ደርሶናል። ቅንድብ አንብቦ፣ «ከልጆቻችን ጋር ትምህርት ቤት ሳይገቡ ነው እንዴ የምንግባባው!» አለ። ስቀናል። የቀረውን ገጽ ግን አላሳየሁትም። አፍሬብሽ ነው።

ሃያ ዘጠኝ ዓመት አየሽኝ። ስቄ፣ ሠርቼ፣ ተጣልቼ፣ ሰው ወድጄ አየሽኝ። አይተሽ አይተሽ፣ እኔን የመሰለ ሰው ቤትሽ እንዳይገባ በሩን ዘጋሽው። አባባ ቢያንስ ጠረጴዛ ነው የመቱት። አንቺ በየዓመቱ የልደት ካርድ ትልኪልኝ ነበር።

ያየሽው ደግሞ እኔን አልነበረም። ያየሽው ቋንቋ ያልሰጡትን ልጅ ነው። እናቴ እግር ላይ ያስጠመጠመኝ ጆሮዬ አይደለም፤ «ነገ እመለሳለሁ» የሚለኝ ሰው ማጣቴ ነው። የፊደሏን ጉድለት ለማወቅ መሣሪያ ነበረሽ። የቋንቋን ጉድለት ለማወቅ ግን ትምህርት ቤታችን መጥተሽ አንድ ምሳ አብረሽን መብላት ይበቃሽ ነበር።

ሠርጉ የካቲት 16 ነው። አትምጪ። ለባልሽ እኔ አልጽፍለትም፤ ያ ያንቺ ሥራ ነው።


ሚያዝያ 5 ቀን

ሚጣ፣

እንድትመልሺልኝ አልጽፍም። ቀድደሽ ብትጥዪውም መብትሽ ነው። ግን «ያ ያንቺ ሥራ ነው» ብለሽኛልና ሠርቼዋለሁ ለማለት ነው።

ለባሌ ነገርኩት። ቅዳሜ ጠዋት፣ ሳህን እያጠበ ሳለ። ውሃውን ዘጋ። እጁን አደረቀ። ከዚያ፣ «የጎዳኝ እንደዚያ ያለ ልጅ መፍራትሽ አይደለም» አለኝ። «እኔ እፈራ እንደሆነ እንኳ አልጠየቅሽኝም። ሰባት ዓመት በሌለ በሽታሽ አዘንኩልሽ።» ሻንጣውን ይዞ ወንድሙ ቤት ሄደ። በአሥራ ስድስተኛው ቀን ተመለሰ። «ልመርመር?» አላለም። እኔ ስጠይቀው፣ «ምን ያደርግልኛል?» አለ። አሁን አንድ ቤት ውስጥ እንደ ሁለት ተከራይ ነው የምንኖረው፤ ግን መነጋገር ጀምረናል።

አባባ ሠርጉ ላይ እንዳልተገኙ አውቃለሁ። አንቺ የማታውቂው አለ። እማዬ ስትገባ እሳቸው ከመንገዱ ማዶ ቆመው ነበር። በመስኮቱ ያዩትን እንዲህ ብለው ጻፉልኝ፦ «መቶ ሰው ይሆናል። ሁሉም ባንድ ጊዜ ያወራል፤ ከዚህ ጥግ እዚያ ጥግ ድረስ ሰው አቋርጠው ይቀላለዳሉ። ልጄ አንድ ነገር ተናገረችና አዳራሹ ሁሉ በሳቅ ፈረሰ። እንደዚህ ተናጋሪ መሆኗን አላውቅም ነበር። ምን እንዳለች የምጠይቀው ሰው አጣሁ።»

ሌላም ነገር። ባለፈው ሳምንት ምሳ ላይ አለቃችን ያንን የእጥፍ ወሬ እንደ ቀልድ አነሳው። ሁልጊዜ አብሬ ፈገግ እል ነበር። «ከእነሱ አንዷ እህቴ ናት» አልኩ። «ባለፈው ወር አገባች። ሠርጓ ላይ ያልጠራችኝ ጥፋቱ የእኔ ሆኖ ነው።» ማንኪያዬን አንስቼ መብላቴን ቀጠልኩ።

እህትሽ


ሐምሌ 8 ቀን

እታለም፣

ወረቀቱ የተጨማደደው ልጄ ስለያዘው ነው፤ አንዴ ከያዘ አይለቅም።

ዓመት ከሦስት ወር ሙሉ ለጻፍሽልኝ ሁሉ ባለመመለሴ ይቅርታ አልጠይቅሽም። ተቆጥቼ ነበር፤ መቆጣቴም ልክ ነበር። አሁንም ጨርሶ አልወጣልኝም። ግን ጥያቄዎችሽ ተደራርበው መሳቢያው አልዘጋ አለኝ፤ ስለዚህ በተራ ልመልስልሽ።

ሆስፒታል ምን አሏችሁ ላልሽው። በተወለደ በሁለተኛው ቀን አንዲት ነርስ ትንሽ መሣሪያ ይዛ መጣች። ጆሮው ውስጥ አስገባች፤ ቁጥሩን አየች፤ ደገመች፤ በሌላው ጆሮ ሞከረች። ፊቷ እየጠቆረ ሲሄድ እኔና ቅንድብ እንተያያለን። ከዚያ ወረቀት አወጣችና፣ «በጣም እናዝናለን። ልጃችሁ አይሰማም» ብላ ጻፈች። ብዕሩን ተቀብዬ ከሥሩ ጻፍኩ፦ «እናውቃለን። በርዶታል፤ ብርድ ልብሱን መልሺለት።» ቆማ አነበበችው፤ ደግማ አነበበችው። ልጁን አለበሰችና፣ «እንኳን ደስ አላችሁ» በእጅ እንዴት እንደሚባል አሳዩኝ ብላ ጻፈች። ቅንድብ አሳያት። በሩ ጋ ስትደርስ ዞር ብላ አደረገችው። ተሳስታ «እንኳን በላችሁ» አለችን። እስኪያመኝ ሳቅኩ፤ ስፌቴ ሊፈታ ነበር።

ያወራል ወይ ላልሽው። ሰባት ወሩ ነው፤ ምን ያወራል! ግን የናንተ ሕፃናት «ባ ባ ባ» ይላሉ አይደል? የእኔው ያንን በጣቶቹ ነው የሚለው። ይከፍታል፣ ይጨብጣል፣ ይከፍታል፣ ይጨብጣል፤ ከዚያ መልስ እንደሚጠብቅ ሰው ዓይን ዓይኔን ያየኛል። እመልስለታለሁ። ሻንጣ ሳነሳ «እመለሳለሁ» እለዋለሁ። አይገባውም፤ ግን ተብሎ ያውቃል። ከተወለደ አንድ ቀን ያለ ቋንቋ አልዋለም። እናንተ መሥሪያ ቤት ስትቆጥሩ እሱን አትዝለሉት። አንድ ጨመረ ብላችሁ ጻፉ። ቦታ ከተረፋችሁ ክብደቱንም ጻፉት፤ ስምንት ኪሎ ተኩል ደርሷል።

አባባ መጡ ወይ ብለሻል። በሦስተኛው ወር መጡ። ኮፍያቸውን በሁለት እጃቸው ይዘው በር ላይ ቆሙ። ልጁን ሰጠኋቸው። በአንድ ክንዳቸው አቅፈው ወረቀት ሳቡ። ከዚያ የማልጠብቀውን ጻፉልኝ፦ «በልጅነትሽ ምን ላድርግሽ ነበር? አላውቅበትም ነበር።»

እታለም፣ ያኔ ያደረብኝን ሁሉ አወጣሁት። አባባ ሠላሳ ዓመት መሬት ቀያሽ ነበሩ። አንድ ጊዜ ሥራ ቦታ ይዘውኝ ሄደዋል፤ ስድስት ዓመቴ ይሆናል። እሳቸው እዚህ ኮረብታ ላይ፣ ዘንግ ያዡ ሠራተኛ እዚያ ማዶ። እጃቸውን ወደ ግራ ሲያደርጉ ግራ ይሄዳል፤ ቀኝ ሲሉት ቀኝ፤ ሁለት እጅ ሲያነሱ ይተክለዋል። አንድ ቀን ሙሉ ቁጭ ብዬ አየኋቸው። አባቴ በእጁ መናገር ይችላል ብዬ ልቤ ሊፈነዳ ነበር። ማታ ቤት ስንገባ ሁለት እጄን አነሳሁላቸው። አላዩኝም፤ ካርታቸውን ዘረጉ።

ይኼንን ጻፍኩላቸው። «ያ እኮ ሥራ ስለሆነ ነው» ብለው ጻፉ። «ይኼም ሥራ ነው» አልኳቸው። «ማክሰኞና ሐሙስ ትምህርት ቤቱ ለሚሰሙ ዘመዶች ያስተምራል። በዘጠኝ ሰዓት። እንዳይቀሩ።»

አልቀሩም። ጣታቸው ደርቋል፤ «ዳቦ» ሲሉ «ድመት» ይወጣቸዋል። ትናንት ልጁን ጭናቸው ላይ አስቀምጠው ስለ ዝናብ ረጅም ነገር ሲነግሩት አየሁ። ግማሹ ስህተት ነው። ልጁ ዓይኑን አልነቀለም።

ለመውለድ ዘግይቻለሁ ወይ ላልሽው፣ እኔ ሐኪም አይደለሁም። በሠላሳ ዘጠኝ ዓመትሽ መውለድ ከባልሽ ጋር የምትነጋገሩበት ነገር ነው፤ ደግሞ ቶሎ ተነጋገሩበት። የእኔ ድርሻ አንድ ነገር መንገር ብቻ ነው፦ ከአራቱ አንዱ ቢወጣ፣ አክስት አለው፤ የአክስት ባልም አለው፤ ትምህርት ቤትም አለው። ብቻውን አይደለም።

ልምጣ ወይ ላልሽው፣ ነይ። ሁለታችሁም ኑ። ግን እስካሁን በመጣሽ ቁጥር ብዕር ይዘሽ ነው፤ አሁን በእኔ ቤት እሱ አይሠራም። ልጄ ማንበብ አይችልም፤ አክስቱን በወረቀት ሊያውቃት አይችልም። የምታርፊው ሦስት ሳምንት ከሆነ ሦስቱንም ሳምንት በእጅሽ ታወሪያለሽ። ትሳሳቻለሽ። እንስቅብሻለን። እኔ ከንፈራችሁን እያነበብኩ ስሳሳት ዕድሜዬን ሙሉ ስቃችሁብኛል፤ ማንም አልሞተም።

ሚጣ